ስልሳ ስምንት በማን አቆጣጠር

«ስሜን ከድንጋዩ ላይ አስወጣልኝ» አለችኝ እናቴ፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ድንች እየላጠች ነበር፤ ዞር ብላም አላየችኝ። መጀመሪያ ስለ የትኛው ድንጋይ እንደምታወራ አልገባኝም። በታኅሣሥ ጠዋት ቆሰበር ላይ የሰው ጭንቅላት ቶሎ አይሠራም፤ የግቢው ሣር አመዳይ መትቶት ነጭ ሆኗል፣ የቧንቧው ውሃ ጣት ይቆርጣል። «የትኛው ድንጋይ?» ስላት ቢላዋውን ሳህኑ ላይ ጣል አደረገችው። «የአባትህ መቃብር ድንጋይ ነዋ! ‹ያሠሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሽታዬ› የሚለውን። እኔ ባለቤቱ አይደለሁም። ከፈለገ የዚያችን ስም ይጻፉለት።» እህቴ እመቤት በሩ ላይ መጥረጊያ ይዛ ቆማ እኔን ብቻ ታየኛለች። እመቤት ስትናደድ አትናገርም፣ ትጠርጋለች፤ ያን ቀን ጠዋት ቤቱን ሦስት ጊዜ ጠረገችው፣ ሁለቱን ጊዜ በእግሬ ላይ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም። አባታችን አስማረ ካረፈ በጥር ሦስት ዓመት ይሞላዋል፤ ለመቃብሩ የሚሆን ድንጋይ ዳንግላ ላይ እያሠራን ነው። ድንጋዩ ላይ ፎቶ ይለጠፍበታልና ደህና ፎቶ ፍለጋ ትናንት ከሰዓት በኋላ የአባቴን ሳጥን ከፈትን። እናቴ፣ እመቤትና እኔ ሳጥኑን ከብበን መሬት ላይ ተቀምጠን፣ የግብር ደረሰኝ፣ የእድር ወረቀት፣ የላም ክትባት ካርድ እያወጣን እንስቅ ነበር። አባቴ ምንም ነገር የማይጥል ሰው ነበር። ከድሮ ኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። መዳፍ የምታክል ፎቶ ናት። አባቴ ወጣት ነው፤ ጸጉሩን ወደ ጎን አበጥሮ፣ ትከሻው ላይ የሰፋ ኮት ለብሷል። አጠገቡ አንዲት ሴት ክንዷን በክንዱ ውስጥ አስገብታ ትስቃለች። ከኋላቸው ትልቅ ግንብና ብዙ ሰው ይታያል። አባቴ እኮ በቀን ብርሃን የእናቴን እጅ ሲነካ አይተን አናውቅም! ከፎቶዋ ጋር ግማሹ የተቀደደ ትኬት ነበረ፤ ኳስ ተስሎበታል፣ በፈረንጅ ፊደል አዲስ አበባ ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ 1968።

እዚህ ላይ እኔ ማን እንደሆንሁ መናገር አለብኝ። ስሜ ሽመክት ነው፤ በስሜ የሚጠራኝ ግን የቤቴ ሰው ብቻ ነው። ለከተማው ሰው «ካፍ» ነኝ፤ የአፍሪካን ኳስ በሚመራው ማኅበር ስም። መናኸሪያው ጀርባ ኳስ ማሳያ ቤት አለኝ፤ አሥራ ሁለት አግዳሚ፣ ሁለት ቴሌቪዥን። ለእንግሊዞቹ ጨዋታ ሃያ አምስት ብር፣ ለአፍሪካ ዋንጫ አሥራ አምስት፤ ይህ ራሱ ያናድደኛል፣ ግን ሰው ከዚያ በላይ አይከፍልም። የአፍሪካ ዋንጫን ታሪክ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሬ በደብተር ጽፌ ይዣለሁ፤ ሁሉንም በእኛ አቆጣጠር፣ ከጋዜጣ እየገለበጥሁ። በ49 ካርቱም ላይ ሲጀመር የተጫወቱት ሦስት አገሮች ብቻ ናቸው፤ ሱዳን፣ ግብፅና እኛ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ አንድ ላይ አላሰልፍም ብላ ቀረች። በ54 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን አራት ለሁለት፣ በጭማሪ ሰዓት፣ ዋንጫው የእኛ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አታንሱብኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሩን እንኳ ያላየንበት ጊዜ አለ። ዘንድሮ ውድድሩ ሞሮኮ ላይ ስለሆነ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ካፍ፣ ሞሮኮ ዋንጫ በልታ ታውቃለች?» «አንዴ! እሱንም እኛው አገር፣ በስልሳ ስምንት፣ ፍጻሜ ጨዋታ እንኳ ሳይኖረው በነጥብ» እላለሁ። በዚህ ሳምንት ብቻ ሃያ ጊዜ ሳልለው አልቀርም። እናም ያንን ትኬት ሳየው አፌ ቀደመኝ።

«ስልሳ ስምንት! የአፍሪካ ዋንጫ! ሞሮኮ የወሰደችው!» ብዬ ጮህሁ። አጨብጭቤም ነበር መሰለኝ። እናቴ ፎቶዋን ከእጄ ወሰደችና «የስልሳ ስምንቱ ወሩ መቼ ነበር?» አለችኝ ዝግ ብላ። «ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ፤ ሁዳዴ ላይ» አልኋት፣ ጎበዝ ተማሪ! ያኔ ነው እመቤት ክርኗን ጎኔ ላይ የሰካችብኝ። ስልሳ ስምንት በእኛ ቤት ተራ ዓመት አይደለም። እናትና አባቴ የተጋቡት በ65 ነው። በ68 ጥር ላይ አባቴ ሳያማክራት በሬ ሸጠና ተጣሉ፤ እናቴ ሕፃኗን እመቤትን አዝላ ዳንግላ አባቷ ቤት ገባች፣ አባቴ ደግሞ ቤቱን ዘግቶ አዲስ አበባ ሄደ። ከፋሲካ በኋላ ሦስት ሽማግሌና አንድ ነጠላ ይዞ ዳንግላ መጣ፤ ታረቁ። በየበዓሉ የሚነገር የቤታችን ቀልድ ነበር ይህ። ከዚያ በፊት ከባሕር ዳር አልፎ እንደማያውቅ፣ አዲስ አበባንም ያየው በዚያች በኩርፊያዋ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ነው እናቴ የምታውቀው። «አዲስ አበባ ምን ሠራህ?» ሲሉት አባቴ መዳፉን ይዘረጋል፤ «ጡብ ተሸከምሁ» ይላል። አሁን ታዲያ ጡቧ ይህችውና፤ ክንዱን ይዛ ትስቃለች።

ማታውን እናቴ እራቷን ሳትነካ ተኛች። ጠዋት የተነፈሰችው ያንን ነው፤ ስሜን አስወጣ። «እማዬ፣ ድንጋይ ላይ የተጻፈ ነገር እንዲህ በቀላሉ አይወጣም እኮ» ብዬ ላባብላት ሞከርሁ። «ካልወጣ ድንጋዩን እዚያው ይተዉት፤ እኔ ለሌላ ሴት ባል መታሰቢያ አላቆምም» አለች። በጥር ድንጋዩ ሊተከል ቄሶቹ ተነግረዋል፣ ዘመድ ተጠርቷል። የእናቴ ስም የሌለበት ድንጋይ ቢተከል ቆሰበር እስከ ፋሲካ የሚያወራው አገኘ ማለት ነው፤ ከዚያም ይበልጥ ደግሞ አባቴ ከሞተ በኋላ ሊዋረድ ነው። ፎቶዋንና ትኬቱን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ምን እንደማደርግባቸው አላውቅም፤ ብቻ እቤት ትቻቸው መሄድ አልደፈርሁም።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የጥርባ ሰው ነው፤ ኳስ ቤቴ ይመጣል። «ካፍ፣ ዛሬ ማን ከማን ነው?» አለኝ። ዝም አልሁት። ደገመኝ፤ ዝም አልሁት። ሰውዬው ታምሜ መስሎት መስኮቱን ከፈተልኝ፣ ብርዱ ገባ። እስከ አዲስ ቅዳም ድረስ በሁለቱም በኩል ጤፍ ይወቃል፤ ሰው ሁሉ የሚሠራውን ያውቃል፣ እኔ ብቻ ጭንቅላቴ ዞሯል። እውነቱን ልናገር? ሴትየዋ አይደለችም ያንገበገበችኝ፣ ትኬቱ ነው። አባቴ ኳስ አይወድም ነበር። አይወድም ማለትም አይገልጸውም፤ ይጠየፍ ነበር። ኳስ ቤቴን ከከፈትሁ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን ደጄን አልረገጠም፤ በዚያ ሲያልፍ መንገድ ተሻግሮ ነው የሚያልፈው። ጸሎተኛ ስለሆነ ነው እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር። እኔ ደግሞ የአፍሪካ ዋንጫን ስታዲየም ገብቶ በዓይኑ ያየ አንድ የአዊ ሰው ላገኝ ስንት ዓመት ጠይቄያለሁ፣ ቻግኒ ድረስ ሄጃለሁ። ሰውዬው ለካ ከእኔ ጋር በአንድ ገበታ እየበላ ነበር! ሞሮኮን አይቷል? ግብፅን አይቷል? ለምን ለእኔ ደበቀኝ? የደበቀው ሴትየዋን ነው ወይስ ኳሱን? እንዲህ እያልሁ ዳንግላ ገባሁ።

ድንጋይ ቀራጩ መሳፍንት ከገበያው ወረድ ብሎ ነው ግቢው። ከመናኸሪያ በጋሪ ሄድሁ፤ ባለጋሪው በየመንገዱ ሰው ሰላም ሲል ፈረሱም እየቆመ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። መሳፍንት ቅንድቡ ሳይቀር በድንጋይ ብናኝ ነጭ ሆኖ፣ የአባቴን ድንጋይ ሁለት እንጨት ላይ አጋድሞ አጎንብሶበታል። ስነግረው መሮውን አስቀመጠ። «ሃያ ዓመት ስቀርጽ ስም ጨምር ይሉኛል እንጂ ስም አውጣ ያለኝ የለም» አለ። «ደግሞስ ምኑን አወጣዋለሁ? ና እየው።» አየሁት። «ያሠሩት ባለቤታቸው ወ/ሮ» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ስሟን ገና አልጻፈውም። «ወይዘሮ ብዬ ዝም ልል ነው? ሰው መቃብር ላይ ቆሞ፣ ወይዘሮ ማን፣ ብሎ ሲጠይቅ ምን ልትሉ ነው? ወይ የእናትህን ስም፣ ወይ የሌላ ባለቤት ስም ስጠኝ።» የሌላ ባለቤት ሲል ኪሴ ውስጥ ያለችው ፎቶ የፋመች መሰለኝ። ነገ ማለዳ ለሥራ ወደ ባሕር ዳር እንደሚሄድና ሁለት ወር እንደማይመለስ ነገረኝ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እጠብቅሃለሁ። እቤት ተመካከሩና ደውልልኝ። ያ ካልሆነ እንዲሁ ወይዘሮ እንዳለ ይቀራል።»

ከዚያ ወጥቼ ወደ አያ አዝመራው ቤት የሄድሁት ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም። አያ አዝመራው የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ሰማንያን አልፈዋል፣ ጆሯቸው ከብዷል። ንዴቴን የምተነፍስበት ሰው ፈልጌ ይሆናል። ወንዶች ተሸፋፍነው ነው የሚኖሩት፣ እኚህም ያውቁ ነበር፣ ሃምሳ ዓመት ቤታችን እየበሉ እናቴን ሲስቁባት ኖሩ፣ እያልሁ ነው በሩን ያንኳኳሁት። ልጃቸው ፋና ከፈተችልኝ። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ጋቢ ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ፋና ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብላ በአዊኛ ማን እንደመጣ ነገረቻቸው። «የአስማረ ልጅ! ኳሱ!» አሉ፤ እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ። ንዴቴ ትንሽ በረደብኝ። ፎቶዋን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከዓይናቸው አራቋት፣ አቀረቧት፣ ከዚያ ጭናቸው ላይ አስቀመጧት።

«የሻረግ» አሉ።

«ማናት እሷ?» አልሁ። ጮክ ብዬ ነው፤ ለጆሯቸው ብቻም አይደለም።

«ሊያገባት ነበር። አዲስ አበባ አብረን ነበርን እኮ፣ እኔና እሱ፤ ግንብ ሥራ ላይ። ከስታዲየሙ በላይ ሻይ ቤት ነበር የምትሠራው። ትኬቱንም የገዛችለት እሷ ናት፤ ለእኔም ገዝታልኛለች። የእኔ ጠፍቷል። ይህችን ፎቶ የተነሱት ልንገባ ስንል ነው። ከተራ ነበር፤ አገር ሁሉ ታቦት ሊሸኝ ወደ ጃንሜዳ ይሄዳል፣ እኛ ሦስታችን ደግሞ ወደ ኳስ። ለዚህ ነው መሰለኝ የተሸነፍን።»

«ከተራ?» አልሁ። «ኧረ አያ አዝመራው፣ ሁዳዴ ነው። ረስተውት ይሆናል።»

«ልጄ፣ ጆሮዬ ነው እንጂ የደነቆረው ጭንቅላቴ አይደለም። ከተራ ነው። ኮንጎ ነው ያሸነፈን፤ ሦስት ለሁለት፣ በጭማሪው ሰዓት። ያን ጩኸት እስከ ዛሬ አልረሳውም።»

ከተቀመጥሁበት ብድግ አልሁ፤ ፋና ያመመኝ መስሏት ውሃ ልታመጣልኝ ተነሳች። ኮንጎ? በስልሳ ስምንት እኮ እኛ ከኮንጎ ጋር አልተጫወትንም። የእኛ ምድብ ግብፅ፣ ጊኒና ኡጋንዳ ነው፤ ተኝቼም አልስተውም። ከኮንጎ ጋር ሦስት ለሁለት የተሸነፍነው በግማሽ ፍጻሜ፣ በስድስተኛው ዋንጫ፣ በ60 ዓ.ም. ነው። እሱ ደግሞ ጥር ላይ ነበር። ጥር አሥር፤ ከተራ! ትኬቱን አውጥቼ አገላበጥሁት። ፊደሉ የፈረንጅ ነው፣ አዲስ አበባ የሚለው የፈረንጅ ነው፤ ታዲያ ዓመተ ምሕረቱ የማን ሊሆን ነበር? የፈረንጆቹ 1968 በእኛ ስልሳ ነው። የእኛ 68 ደግሞ ለእነሱ 1976። ከ54ቱ ወዲያ ሁለት ጊዜ ነው ያዘጋጀነው፣ ሁለቱም አዲስ አበባ፣ ሁለቱም ስልሳ ስምንት! አንዱ በእኛ፣ አንዱ በእነሱ። እኔ፣ ካፍ የተባልሁት፣ ከተማው ሁሉ ሲከራከር ፍረድ የሚለኝ፣ ይህንን ሳላይ ቀረሁ። ግንባሬን በመዳፌ ስመታው ፋና ውሃውን ደፋችው።

«እናቴን ያገባት በስልሳ አምስት ነው አይደል?» አልኋቸው።

«በስልሳ አምስት ነው፤ ሚዜው እኔ አይደለሁም እንዴ? ያኔ የሻረግ የለችም። ያ ኳስ ባለቀ በሳምንቱ ወንድሟ መጥቶ ወሰዳት፤ አሥመራ ላለ ነጋዴ ዳራት አሉ። አስማረ አለቀሰ፤ ያን የሚያህል ጎረምሳ። እኛ ለኳሱ መስሎን ሳቅንበት። ከዚያ ወዲህ ኳስ የሚባል ነገር አታንሱብኝ አለ። አዲስ አበባ መኖሩንም ቢሆን ለማንም አታውሩ ብሎን ነበር፤ ባሕር ዳር ነበርሁ በሉ አለን፣ አልን።»

«በስልሳ ስምንትስ አብራችሁ ነበራችሁ?»

«በስልሳ ስምንትማ እኔ እዚሁ ዳንግላ ነኝ፤ እሱ ብቻውን ነው የሄደው። ምን ልሠራ ነው የምሄደው እንኳ አላለኝም» አሉና ፎቶዋን መለሱልኝ። «አሮጌ ነገር ነው ልጄ። ምን ያደርግላችኋል? ተወው።»

የመጨረሻውን ጆሮም አልሰጠሁት። ደስታ አስክሮኛል! አባቴ ንጹሕ ነው። እናቴን ሳያውቃት፣ ላጤ ጎረምሳ ሳለ፣ ከማግባቱ አምስት ዓመት በፊት የሆነ ነገር! ኳስ ቤቴን የጠላውም እኔን ንቆ አይደለም፣ አንጀቱ እያረረ ነው። ሳያውቁት የፈረዱበትን ሰው ነጻ እንደሚያወጣ ዳኛ ሆንሁ። ለእናቴ ደወልሁ፤ ኔትወርክ የለም። ለእመቤት ደወልሁ፤ የለም። ይሁን፣ ፊቷን እያየሁ ብነግራት ይሻላል አልሁ። በሚኒባሱ ውስጥ ሹፌሩን ስለ ስድስተኛው ዋንጫ ስነግረው መጣሁ፤ አሥመራ ላይም አዲስ አበባ ላይም እንደተካሄደ፣ በመጨረሻ ኮንጎ ጋናን አንድ ለባዶ አሸንፋ እንደወሰደችው። ሹፌሩ «እንዲህ ነው?» ይላል። አዲስ ቅዳም ላይ የወረደ ሰውዬ «እግዜር ይስጥልን፣ ተማርን» ብሎኝ ወረደ፤ ሲያሾፍ ይሁን የምሩን አልገባኝም።

ቤት ስደርስ አሥር ተኩል አልፏል። እናቴ በረንዳው ላይ የመጨረሻዋ ፀሐይ የምታርፍበት ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ጠዋት ከነበረችው ሴት ጋር አንድ አይደለችም፤ የክት ቀሚሷን ለብሳለች፣ ጸጉሯን ተበጥራለች። እመቤት ከኋላዋ ሆና ዓይኗን አፍጥጣ «እኔንጃ» በሚል ትከሻዋን ነቀነቀችልኝ። በኋላ እንደነገረችኝ እናቴ ከቀትር በፊት አልጋዋ ላይ ተሸፋፍና ተኝታ ነበር፤ ከቀትር በኋላ ተነስታ ገላዋን ታጠበች፣ ከዚያ ብቻዋን ፈገግ ትል ጀመር።

«ስሜን አስወጣኸው እንዴ?» አለችኝ፣ ገና ደረጃውን ሳልወጣ።

«ገና ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ደውሉልኝ ብሎኛል።»

«እሰይ! እንግዲያ ተወው፤ ይጻፍ።» ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ልክ እንደ ልጃገረድ። «ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልሁ። መጀመሪያ ተቃጠልሁ፣ መቃብሩ ድረስ ሄጄ ልሰድበው ሁሉ አምሮኝ ነበር። ኋላ ግን፣ ሽታዬ፣ አንቺ ምን ሆነሻል፣ አልሁ። እስቲ ያችን ሴትዮ እያት! የከተማ ልጅ፣ ሳቋ ብቻ አገር ያስረሳል። እኔስ ያኔ ምን ነበርሁ? ያኮረፍሁ፣ ልጅ ያዘልሁ፣ አባቴ ጓሮ ጎመን የምኮተኩት። እሱ ግን እሷን ትቶ መጣ። ሦስት ሽማግሌ ይዞ! ማንም አላስገደደውም እኮ። እኔ ሞኟ ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ ዘመድ ገፍቶት ነው፣ ለልጁ ሲል ነው የመለሰኝ፣ እያልሁ ነው የኖርሁት። አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም፤ ፈርቼ። ለካ መርጦኝ ነው!»

እመቤት ፊቷን አዞረች። እኔ ስልኬን አውጥቼ ለመሳፍንት ደወልሁ፤ ኔትወርኩ እንዲያው በዚያች ደቂቃ መጣ፣ መጥራት ጀመረ። እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ስልኩ ይነሳል፣ «ሽታዬ ብለህ ጻፍ» እላለሁ፣ ኳስ ቤቴን ልከፍት እሄዳለሁ። አለቀ። ግን እኔ ዝም ማለት የት አውቄ! ሰው ዓመተ ምሕረት ሲሳሳት ያመኛል። የእናቴ ደስታ ራሱ በተሳሳተ ዓመተ ምሕረት ላይ የቆመ ደስታ ሆኖ ታየኝ፤ የእኔ ደግሞ ከእሱ የበለጠ፣ የተጣራ ደስታ መሰለኝ።

«እማዬ፣ መምረጥም አላስፈለገው! ጭራሽ አልበደለሽም!» አልኋት። «ያ ስልሳ ስምንት የፈረንጅ ነው። በእኛ ስልሳ ነው፤ አንቺን ሳያውቅሽ በፊት!» ከዚያ ሁሉንም ነገርኋት። ከተራውን፣ ኮንጎን፣ ሻይ ቤቱን፣ ወንድሟ መጥቶ እንደወሰዳት፣ አባቴ እንዳለቀሰ፣ ኳስ እንደጠላ። አሳምሬ ነው የነገርኋት፣ ልክ ኳስ ቤት እንደማወራው፣ እጄን እያወናጨፍሁ። በመካከሉ መሳፍንት አነሳና «ሃሎ» አለ፤ «አንድ ጊዜ ጠብቀኝ» አልሁት።

እናቴ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ነው። እንዴት እንደምትመልሰው የጠፋት መሰለች።

«ስልሳ ነው?» አለች።

«ስልሳ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«መቶ በመቶ። አያ አዝመራውም አብረው ነበሩ።»

ጣቶቿን ጭኗ ላይ ዘረጋችና አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፤ ስልሳ፣ ስልሳ አምስት፣ ስልሳ ስምንት። ስልሳ ስምንት ላይ ስትደርስ ጣቷን ይዛው ቆየች። «ከእኔ በፊት ካወቃት፣ ካለቀሰላት፣ ይህን ሁሉ ዘመን በላስቲክ ጠቅልሎ ከያዛት» አለች፣ «በስልሳ ስምንት ከእኔ ጋር ሲጣላ፣ ቤቱን ዘግቶ አዲስ አበባ የሄደው ማንን ፍለጋ ነው?»

አያ አዝመራው «ብቻውን ነው የሄደው» ያሉት ያኔ ገና ጆሮዬ ገባ። ስልኩ እጄ ላይ ሞቀ። «እማዬ፣ ይህማ አይታወቅም» አልኋት። እውነቴን ነው፤ አይታወቅም። ጡብም ተሸክሞ ይሆናል። ስንት ዓመት የሰበሰብሁት ታሪክ ውስጥ አባቴ በዚያ ሁዳዴ የት እንደዋለ የሚል የለም፣ ከማንም አልሰማውም። እመቤት ቀስ ብላ መጥታ እናቴ አጠገብ ተቀመጠች፣ ግን አልነካቻትም።

«አጥቷት ነዋ የመጣው» አለች እናቴ። የምታወራው ለእኔ አይደለም፤ ለግቢው ነው።

«ሃሎ! ካፍ! ኧረ መሸብኝ፤ ማን ብዬ ልጻፍ?» ይላል መሳፍንት።

እናቴ ስልኩን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ቁጣ የለባትም፤ ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር።

«ከቀትር ጀምሮ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሽመክት» አለችኝ። «በሰባ ዓመቴ። ማን ጠየቀህ?»